ደንበኛዬ አሮጌ ኮምፒውተሮቹን አልቀይርም አለኝ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ሆነን የአነስተኛ ድርጅቶችን ኮምፒውተርና ኔትወርክ በወርሃዊ ክፍያ እንከባከባለን። ከደንበኞቻችን አንዱ 14 ኮምፒውተሮች ያሉት የሒሳብ ሥራ ቢሮ ነው። ዘጠኙ የሚሠሩት በዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለእሱ የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ወደ ዊንዶውስ 11 እንዳላሻግራቸው ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደኅንነት ቺፕ የላቸውም። ለድርጅቶች የሚሸጠው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ለመጀመሪያው ዓመት በአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው፤ በየዓመቱም እጥፍ ይሆናል። ይህን ለባለቤቱ ስነግራቸው «እስካሁን ምን ሆኑ?» ብለው ሳቁብኝ።

የሚያንገበግበኝ ውላችን ነው። «ማናቸውም ብልሽት በወርሃዊ ክፍያው ይሸፈናል» ይላል። የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ያኔ ደንበኛ ለማግኘት ስጣደፍ ነበር። ባለፈው ወር በፍላሽ የገባ ቫይረስ ሦስት ሌሊት አስቀመጠን፤ ተጨማሪ አምስት ሳንቲም አላገኘንም። ደግነቱ የፋይሎቹን ቅጂ ሁልጊዜ ከኮምፒውተር ነቅዬ አስቀምጥ ስለነበር የጠፋ ሰነድ የለም።

በዚህ ሙያ የቆያችሁ እባካችሁ እርዱኝ። ውሉ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶታል። ድጋፍ የተቋረጠባቸውን ኮምፒውተሮች ከኃላፊነታችን የሚያወጣ አንቀጽ ደንበኛውን ሳያስቀይም እንዴት ይጻፋል? ክፍያውንስ በኮምፒውተር ቁጥር ብተምን ይሻላል? እስከዚያው ዘጠኙን ከሌሎቹ በተለየ ኔትወርክ ላይ ላደርጋቸው አስቤአለሁ፤ ግን የጋራ ማተሚያ አላቸው። ሞክራችሁት የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።