በካሬ ከተነገረኝ ዋጋ ውጭ ምን ያህል ልያዝ? (ጂ+1፣ አቃቂ)

ባለ ቦታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። አቃቂ ቃሊቲ 250 ካሬ ላይ ጂ+1 (ምድርና አንድ ፎቅ) ልጀምር ነው። ቦታው 12.5 በ20፣ ቤቱ የሚያርፈው 10 በ12 ሜትር ላይ ነው። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው። ኮንትራክተሩ «ስትራክቸርና ፊኒሺንግ» ብሎ ዋጋውን በካሬ ሰጠኝ፤ ዝርዝር የለውም። ሰው ሁሉ 10 በመቶ መጠባበቂያ ያዝ ይለኛል። ይበቃል? ሳይታሰብ ቀርቶ መሀል ላይ ገንዘብ የሚያስጨርሰው የቱ ነው?

ሳይት መሐንዲስ፦
ለዋልካ አይበቃም። መጀመሪያ ኮንትራክተሩን «የካሬው ዋጋ ከየት ይጀምራል?» ብለው ይጠይቁት። ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ከግሬድ ቢም (ኮለኖቹን መሬት ላይ ከሚያያይዘው የኮንክሪት ማሰሪያ) ወደ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ትልቁ ወጪ ደግሞ ከሥር ነው።

ቁፋሮውን እናስላው። ለመሥሪያ በየጎኑ 1 ሜትር ሲጨመር 12 በ14 ይሆናል። ዋልካው እስከ 1.20 ሜትር ቢወጣ ወደ 202 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲቆፈር ስለሚነፋ 30 በመቶ ይጨምሩበት፤ 262 ሜትር ኩብ፣ በ16 ኩብ ገልባጭ 17 ምልልስ። ከዚያ ሙሌቱ አለ። ፉቲንጉ (ከኮለኑ ሥር ያለው የኮንክሪት መሠረት) እና የድንጋይ ግንቡ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ 165 ኩብ ቢቀር፣ ሰሌክት (ለሙሌት የሚገዛ የተመረጠ አፈር) ሲጠቀጠቅ ስለሚያንስ 206 ኩብ ያህል ይገዛሉ፤ 13 ምልልስ። በድምሩ 30 ምልልስ ነው፣ በካሬው ዋጋ ውስጥ ግን አንዱም ላይኖር ይችላል። የመሬት ምርመራው ዋልካው ጠልቆ እንደሚሄድ ካሳየ ቁጥሩ ከዚህም ይጨምራል።

ሙሌቱ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይጠቅጠቅ። አንዴ ተገልብጦ ከላይ ብቻ ከተመታ ወለሉ በኋላ ይሰምጣል፣ ሴራሚኩም ይነሳል። ወጪ ለመቀነስ ተብሎ የወጣው ዋልካ ተመልሶ እንዲገባ በፍጹም አይፍቀዱ።

እባክዎ አሸንዳውን፣ የውሃ ማፍሰሻ ቦዩንና የዙሪያውን ሊሾ «ሲተርፈን እንሠራዋለን» አይበሉ። ዋልካ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር ከፈሰሰ በመጀመሪያው ክረምት ከመስኮት ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ያያሉ። ሊሾው ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ይኑረው፣ ወደ ውጭም ያዘንብል።

ሴፕቲክ ታንክም እንዲሁ። ዋልካ ውሃ ስለማያሰርግ ማስረጊያ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ መጣጭ መኪና መጥራት ይበዛል። ታንኩ ከመጀመሪያው ሰፋ ብሎ፣ ውስጡ በደንብ ተለስኖ፣ ቦታው የፈቀደውን ያህል ከፉቲንጉ ርቆ ይሠራ።

ኳንቲቲ ሰርቬየር፦
መሐንዲሱ የመሬቱን ስለጨረሰው ከላይ ያለውን ልጨምር።

ፌሮ ሲሰላ መደራረቢያው (ሁለት ፌሮ ሲቀጠል ጎን ለጎን የሚደረበው ርዝመት) ይረሳል። 12 ኮለን፣ እያንዳንዱ 8 ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ ቢኖረው፣ መደራረቢያው 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በአንድ ፎቅ ብቻ ወደ 77 ሜትር፣ ማለትም 121 ኪሎ ነው። በቤርጋ (በዘንግ) ስትገዛም መዝን፦ ባለ 12 የሆነ የ12 ሜትር ቤርጋ 10.66 ኪሎ መምጣት አለበት። 9 ኪሎ ከመጣ የያዝከው 11 ሚሊ ሜትር ነው።

ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት ወለል) ላይ ፎርሙ፣ ማለትም ኮንክሪቱ የሚፈስበት ቅርጽ፣ 2 ሴንቲ ከሰጠመ 120 ካሬ ላይ 2.4 ኩብ ኮንክሪት ይጨምራል። ሲ-25 የሚባለው የኮንክሪት ጥንካሬ ደረጃ በኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ስለሚበላ ወደ 17 ከረጢት በከንቱ ሄደ ማለት ነው። ከመሙላቱ በፊት ሲባጎ ተወጥሮ ይለካ።

ልስን የግድግዳው እጥፍ መሆኑን አትርሳ፤ 400 ካሬ ብሎኬት 800 ካሬ ልስን ነው። ግንቡ ጠሞ በአንድ ፊት 1 ሴንቲ ልስን ቢጨመር 4 ኩብ ሞርታር ይሆናል፣ በ1 ለ3 ቅይጥ 40 ከረጢት ይጠጋል።

አጥር ካሬ ውስጥ አይገባም። የአንተ ዙሪያ 65 ሜትር ነው፤ በሩን ቀንሰህ በ2.20 ቁመት ወደ 1,750 ብሎኬት፣ እሱም በዋልካ ላይ የራሱን መሠረት ይፈልጋል። የመብራትና የውሃ ቆጣሪ፣ ከምሰሶ እስከ ቤት ያለው ኬብል፣ ሮቶና ማቆሚያው፣ ፓምፕ፣ የኩሽና ካቢኔት፣ የደረጃ ሃንድሬል፤ እነዚህ «ፊኒሺንግ» ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ በስማቸው ተጽፎ ይፈረም።

ፎርማን፦
ወንድሜ፣ በመቶኛው ላይ ትንሽ ልለይ። አንድ ድፍን መጠባበቂያ ከያዝክ መሠረቱ ብቻውን ይበላዋል። እኔ ብሆን ከየራሳቸው ወጪ ለመሠረት 25 በመቶ፣ ለስትራክቸር 10፣ ለፊኒሺንግ 15 ለየብቻ አስቀምጣለሁ። አጥር፣ ሴፕቲክና ቆጣሪ የታወቁ ወጪዎች ስለሆኑ መጠባበቂያ ውስጥ አይገቡም፣ የራሳቸው መስመር ይኑራቸው። ውሉ ላይም የቁፋሮ፣ የማንሻና የሙሌት ነጠላ ዋጋ በኩብ ይጻፍ፤ ዋልካው ጠልቆ ከሄደ ያኔ በጭንቅ ዋጋ አትደራደርም።

ጊዜም ወጪ ነው። ዘበኛ፣ የውሃ ቦቴ፣ የድጋፍ ኪራይ በየቀኑ ይቆጥራሉ። የሶሌታ ድጋፍ 3 ሳምንት ሳይነሳ ስለሚቆይ የኪራዩን ቀን ከዚያ አስላ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ፕሮፎርማ ለጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚጸናው። ፌሮ ቀድመህ ግዛ፤ ሲሚንቶ ግን ከ3 ወር በላይ አታቆይ፣ ከመሬት 15 ሴንቲ ከፍ ባለ እንጨት ላይ ደርድር፣ ከ10 ከረጢት በላይ አትከምር።

ባለ ቦታው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሸዋ ሲመጣ ልኩን እንዴት ላረጋግጥ?

ፎርማን፦
ሳይራገፍ ውጣበት። አሸዋው ይስተካከልና በአራቱ ማዕዘንና በመሀል ብረት ሰክተህ ከፍታውን ለካ፤ አማካዩን በውስጥ ርዝመትና ስፋት አባዛው። የውስጡ 5.60 በ2.30 ከሆነ 16 ኩብ እንዲሆን 1.25 መድረስ አለበት። 1.10 ከሆነ 14 ኩብ ነው የመጣልህ። እርጥብ አሸዋ ተነፍቶ ስለሚታይ ደረቁ ከዚያም ያንሳል።

ቀጥሎ ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አሸዋውን ከጨው ውሃ ጋር አናውጠህ 3 ሰዓት ተወው። 10 ሴንቲ አሸዋ ላይ የተኛው ጭቃ ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ይታጠብ ወይም ይመለስ። ለዚህ ነው ናሙናው አንድ ቀን ቀድሞ ይምጣ የምልህ፤ ገልባጩ በር ላይ ቆሞ 3 ሰዓት አይጠብቅህም።