የጥድ ልብስ ሣጥን፦ ውስጡ ቫርኒሽ ይቀባ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለቤቱ። ብል እንዳይገባው ብዬ የጥድ ልብስ ሣጥን ላሠራ ነው። ሻጩ «የሐበሻ ጥድ ነው» ይላል፤ ጣውላው ግን ነጣ ያለ ነው፣ ሽታውም እምብዛም። በምን ልለየው? ውስጡንስ ቫርኒሽ ላስቀባው?

አናጺው፦
የፈረንጅ ጥድ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የሐበሻው ሆኖ ከግንዱ ዳር የወጣ። የሐበሻ ጥድ ሽታውም ጥንካሬውም ያለው መሃሉ ላይ ባለው ቀይ ቡናማ ክፍል ነው፤ ነጩን ዳር ምስጥም ይበላዋል። ያረጀ ጣውላ ላዩ ስለሚገረጣ በቀለም ብቻ አትፍረድ። ጫፉን በመላጊያ ላጥ አድርገህ አሽትተው፤ አሁን የተቀረጸ እርሳስ ከሸተተህ እሱ ነው።

ውስጡን ምንም እንዳታስቀባ! ቫርኒሽ ሽታውን ያፍነዋል፤ የጥዱ ዘይት ደግሞ ቫርኒሹን በደንብ እንዳይደርቅ ያደርገዋል፣ ልብስ ይጣበቅበታል። ውጩን ከመቀባትህ በፊት አልኮል በነካ ጨርቅ ጥረገው።

መጋዝ፦
ምስማር በቀጥታ ከመታህበት ጫፉ ላይ ይተረተራል። ለ4 ሚሊ ብሎን በ3 ሚሊ ድሪል ቀድመህ ብሳው። ጣውላው እርጥብ ከሆነ በየመሃሉ 2 ሳ.ሜ. ርብራብ እያስገባህ ጥላ ሥር ደርድረው፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ጥድ ይሰነጠቃል። አንድ ቁራጭ በየሳምንቱ መዝን፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርሷል ማለት ነው።

ጠያቂ፦
እና ከዚያ በኋላ ብል አይደርስበትም?

የልብስ ሰው፦
እንደዚያማ አይባልም። ሽታው ገና የተፈለፈለውን ትል ሊገድል ይችላል፤ እንቁላሉንና ያደገውን ትል ግን እምብዛም አይነካም። ልብስ የሚበላው ደግሞ ትሉ ነው እንጂ የምትበረዋ አይደለችም። በርኖስና የሱፍ ኮት ታጥቦ በደንብ ደርቆ ይግባ። ጋቢና ነጠላ ጥጥ ስለሆኑ ላብ ወይም ወጥ ካልነካቸው ብዙም አያሰጉም። ነጭ ልብስ ግን በአቡጀዲ ጠቅልለው፣ የእንጨቱ ዘይት ቢጫ ምልክት ይተውበታል። ክዳኑ ገጥሞ ካልተዘጋ ሽታው ቶሎ ይበናል። ሲደክም ውስጡን በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገህ እሸው፣ ይመለሳል።

አናጺው፦
አንድ ልጨምር። የሐበሻ ጥድ ከተፈጥሮ ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ክልክል ስለሆነ ከየት እንደመጣ ጠይቅ። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ ካገኘህ እሱን ውሰድ፣ ደርቆ ያለቀ ነው። ብቻ ምስማሩን ሁሉ ንቀልለት፤ አንድ እንኳ ከቀረ የመላጊያውን ምላጭ ይሸርፈዋል።