የሮማ ወታደር ጥሩር ማሰሪያ ከየት ላግኝ?

ወገኖች፣ አንድ ነገር አስቸግሮኛል። ለስቅለት በምናሳየው ድራማ ላይ የሮማ ወታደሮች አሉ። ጥሩሩን፣ ማለትም የብረት ደረት መከላከያቸውን፣ የሠራሁት ከስፖርት ፎም ምንጣፍ ነው። ቀለም ሲቀባ ቁርጥ ብረት መስሏል። ጣጣው ማሰሪያው ነው።

በማስቲሽ የለጠፍኩት ማንገቻ ተዋናዩ ጦሩን ሲያነሳ ከነፎሙ ተገንጥሎ ይመጣል። ላስቲክ ደግሞ ይለጠጥና ጥሩሩ ሆድ ላይ ይወርዳል። ሮማውያኑ የብረት ዝርግ የተደራረበበትን ጥሩር ከውስጥ በቆዳ ጠፍር ነበር የሚያያይዙት። እኔም እንደዚያ ባደርግ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ለዚያ ሁሉ ወታደር አዲስ ቆዳ መግዛት ኪሴ አይችለውም።

የምፈልገው በሜትር የሚሸጥ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የቦርሳ ማንገቻ ከነዘለበቱ ነው። መርካቶ የት ጋ ልጠይቅ? ወይስ ምናለሽ ተራ አሮጌ ቦርሳ ገዝቶ መፍታት ይሻላል? ሶማሌ ተራስ ያገለገለ የመኪና ቀበቶ ለብቻው ይሸጣሉ? እሱ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሚጠጋ ለትከሻ ይበዛል፣ ለጎን ግን ይሆናል ባይ ነኝ።

ሌላው፣ ሪቬት (ማያያዣ የብረት ቁልፍ) ብመታበት ፎሙን እንዳይቀደው ከጀርባው ምን ልደግፍ? ጫማ ሰፊ ጋ የሚተርፍ የቆዳ ቁራጭ ይበቃ ይሆን? ቀለሙ ጥቁር ወይም ቡኒ ይሁን እንጂ ማማሩ አያሳስበኝም። ከመድረክ ማዶ ማን ያየዋል!