ገንዘብ ሰብስቦ የጠፋ ሰው ሲነሳ ብሔሩና ሃይማኖቱ ይጠቀስ?

የሮቢት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሸዋ ሮቢት የሰፈራችን ቴሌግራም ግሩፕ አድሚን ነኝ። አንድ ሰው በማሾ ንግድ አተርፍላችኋለሁ እያለ ከብዙ ሰው ብር ተቀብሎ ጠፋ። መጀመሪያ ለጥቂቶች ትርፍ ብሎ ከፈላቸው፤ እነሱም ዘመድ አዝማዳቸውን አመጡለት። አሁን ማስጠንቀቂያ ልንለጥፍ ነው። ግማሹ ሰው «ብሔሩንና ሃይማኖቱን ጻፈው፣ ሕዝብ ይወቅ» ይላል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም። ግን «እውነት አይደል ወይ፣ ምን ያስደብቅሃል?» ሲሉኝ መልስ አጣሁ። ምን ትላላችሁ?

ጣርማበር፦
ይጻፍ። ሰው ብሩን የሰጠው እኮ «የኛ ልጅ ነው፣ አይከዳንም» ብሎ ነው። ይሄን ዘሎ እንዴት እንዳታለለ መናገር አይቻልም።

እመ ቤቴል፦
ወንድሜ ጣርማበር፣ የመጨረሻው ነገርህ ልክ ነው፤ ግን ራሱ ያንተን ሐሳብ ያፈርሰዋል። የተዘረፉት የገዛ ወገኖቹ ከሆኑ ስሙ የሚጎድፈው ወገን ራሱ ተበዳዩ ነው። ደግሞ ሌላው ሰው ያንን ሲያነብ «እነሱ እንዲህ ናቸው» ይልና ከራሱ ወገን የሚመጣውን አጭበርባሪ ደረሰኝ ሳይጠይቅ ያስገባዋል። እኔ ገበያ ላይ ነው የምውለው። ወሬው ከተነዛ ወዲህ ከዚህ ጉዳይ ምንም የሌለበት አንድ ነጋዴ፣ ገበሬው ለዓመታት በቃሉ ብቻ ኩንታል ሲያስረክበው የኖረ ሰው፣ አሁን ብሩ ሳይቆጠር ጆንያው አይወርድለትም። ምክንያቱ ከዚያ ሰውዬ ጋር አንድ ወገን መሆኑ ብቻ ነው። አይቼ አዘንኩ።

ባልጪ፦
ይሄ ነገር የኛ ብቻ አይደለም። አተርፍላችኋለሁ እያለ የብዙ ሰው ገንዘብ ያጭበረበረው አሜሪካዊው በርናርድ ማዶፍ እ.ኤ.አ. በ2008 ተይዞ በ2009 150 ዓመት ተፈርዶበታል። አይሁዳዊ ነበር፤ ከከሰሩት መካከል ብዙ የአይሁድ በጎ አድራጎት ድርጅቶች ነበሩ፣ ከናዚ ጭፍጨፋ የተረፈው ጸሐፊ የኤሊ ዊዝል ፋውንዴሽን ጭምር። እንዲያም ሆኖ ኢንተርኔቱን የሞላው አይሁዶችን የሚሳደብ ጽሑፍ ነበር። ገንዘባቸውንም አጡ፣ ስድቡንም ጠጡ። ስለዚህ የሮቢት ልጅ፣ መንገዱን ጻፍ፤ «በማኅበርና በዝምድና በኩል እየገባ ነው» በል። ይሄ ሰው እንዲነቃ ያደርጋል። የትውልድ ሐረጉ ምንም አይጨምርም።

ጣርማበር፦
መንገዱ ከተጻፈ እስማማለሁ። የኔ ፍርሃት እሱም ተድበስብሶ እንዳይቀር ነው።

ጋሽ ተሾመ ዘደብረ ብርሃን፦
ልጄ፣ አንድ ነገር ልጨምር። አዋጅ 1185/2012 የሚከለክለው በብሔር ወይም በሃይማኖት ላይ ጥላቻ መቀስቀስን ነው፤ ብሔር መጥቀስ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ግን ከሥሩ የሚግተለተለው ኮሜንት ወዴት እንደሚሄድ አንተው ታውቀዋለህ። ሰውየውም ገና አልተፈረደበትም፣ «ተጠርጣሪ» በለው። ከሁሉ በፊት ግን ፖሊስ ጋ ሂዱ። ማስረጃ ከቀረበ ሒሳቡን በፍርድ ቤት ማሳገድ ይቻላል፤ ብሩ ወጥቶ ካለቀ ግን ማገዱ ለማን ይጠቅማል?

የሮቢት ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የምለጥፈው እንዲህ ነው፦ ምን ብሎ እንደጠየቀ፣ በማን በኩል እንደገባ፣ ብሩ በምን እንደተላከ። ብሔርና ሃይማኖት የሚጠቅስ ኮሜንት አነሳለሁ። ሮቢት ያላችሁ፣ የባንክ ደረሰኝና የቴሌብር መልእክት ካላችሁ እንዳታጠፉት፤ ሰኞ ጠዋት አብረን ፖሊስ ጣቢያ እንሄዳለን።