አሮጌ የ125 ሞተር ለመለዋወጫ ልገዛ ነው፤ ምኑን ልይ?

ማራኪ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የቻይና 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለችኝ፣ ዕቃ አመላልስባታለሁ። ሰሞኑን ከአዘዞ ወደ ላይ ስወጣ ታንኳኳለች፣ ሰማያዊ ጭስም ትለቃለች። መካኒኬ ከፍቶ አየና ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያያይዘው ክንድ) ለቋል፣ ፋሻውም (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል አለኝ። አዲሱን ለየብቻ ስጠይቅ ዋጋው ራስ ያዞራል። ቅዳሜ ገበያ ደግሞ አንድ ሰውዬ ሙሉ አሮጌ ሞተር ከነካርቡራቶሩ ልስጥህ ይለኛል። "125 ነው፣ ያንተው ነው" ባይ ነው። የኔ ላይ 156 ኤፍኤምአይ ይላል፣ የሱ ላይ 162 ኤፍኤምጄ። ከሥሩ ያለው ረጅሙ የሞተር ቁጥር ግን ተፍቋል። ልግዛው? ሥራ ፈትቼ ቁጭ ብያለሁ፣ ቶሎ መልሱልኝ።

ቶርኖ ቤት፦
እሱ 125 አይደለም፣ 150 ነው። የቻይና ሞተር ጽሑፉ ራሱ ይናገራል። 1 ማለት አንድ ሲሊንደር፣ 56 ወይም 62 የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊሜትር፣ ኤፍ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ኤም የሞተር ሳይክል። የመጨረሻዋ ፊደል አይ ከሆነች 125፣ ጄ 150፣ ኤል 200። ስለዚህ ፒስተኑም ፋሻውም ሲሊንደሩም አይሆንህም። የ62ቱ ሲሊንደር ወደ ታች የሚገባው አንገቱ ወፍራም ነው፣ ያንተን ሞተር አፍ ካላሰፋህ አይገባም። ማስፋቱን እንኳ አልመክርህም፣ ብሩን የማገኘው እኔ ብሆንም።

ጋሼ መፍቻ፦
ልጄ፣ ጽሑፉ ብቻ አይበቃም። እነዚህ ሞተሮች ሁለት ዘር አላቸው። አንዱ የሆንዳ ሲጂ 125 ቅጂ ነው፣ ቫልቩን ከታች በዘንግ የሚገፋ። ሌላው ካምሻፍቱ (ቫልቩን የሚከፍተው) ላይ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ውስጥ ነው፣ በሰንሰለት ይዞራል። ከሲሊንደሩ ጀርባ እይ። በሁለት ትንንሽ ቡሎን የታሰረች ማጥበቂያ ካለች ባለ ሰንሰለቱ ነው። ሁለቱም ባለ ዘንግ ከሆኑ የፒስተኑ ምት (ከላይ እስከ ታች የሚሄደው ርቀት) በ125ም በ150ም 49.5 ሚሊሜትር ስለሆነ ክራንኩ (ቢዬላው የሚያዞረው ዘንግ) ከነቢዬላው ሊሆንልህ ይችላል። ግን አንዳንዱ ንዝረት የሚቀንስ የሚዛን ዘንግ አለው፣ አንዳንዱ የለውም፣ ማግኔቱ የሚቀመጥበት ጫፍም ይለያያል። ጎን ለጎን አስቀምጠህ ሳትለካ እንዳትከፍል።

የአራዳው፦
እናንተ ስለ ፒስተን ታወራላችሁ፣ ቁጥሩ ተፍቋል እኮ ነው የሚለው! ጤነኛ ዕቃ ቁጥሩ ለምን ይፋቃል?

ማራኪ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ የኔ ባለ ዘንግ ነው፣ ከጀርባው ምንም የለም። የአራዳው፣ እኔ ሙሉውን አልገጥመውም፣ ፈትቼ ልጠቀምበት ነው። ያም ችግር አለው?

የአራዳው፦
አለው እንጂ። የተሰረቀ ከሆነ ፈትተህም ገጥመህም ያው የተሰረቀ ነው። ቁጥሩ ሙሉ የሆነውን ፈልግ፣ የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ያዝ፣ ምስክር ባለበት ውል ጻፉ። የድሮው ሊብሬ ኮፒ ካለው ደግሞ የሞተር ቁጥሩን አመሳክር። ሰውዬው ውል ሲባል ከተቆጣ መልሱን አገኘህ ማለት ነው።

የቀበሌ 18ቷ፦
መለዋወጫ ሱቅ ነው የምሠራው፣ እውነቱን ልንገርህ። አሮጌ ፋሻ መግዛት ብር መጣል ነው። ፋሻና ፒስተን አዲስ ግዛ፣ ቢዬላም ከነፒኑና ከነኩሽኔታው ለብቻው ይሸጣል፣ ቶርኖ ቤት በፕሬስ ያስገቡልሃል። ከአሮጌ ሞተር የሚያዋጣው ቴስታታ፣ የማርሽ ጥርሶች፣ የፍሪሲዮን ክዳን፣ ካርቡራቶር ነው። ይሄን ሁሉ የማትፈልገው ከሆነ ሙሉ ሞተር ምን ያደርግልሃል?

ማራኪ ልጅ፦
እህቴ፣ ሦስተኛ ማርሽም ያመልጠኛል፣ ቴስታታውም የካንዴላው (የእሳት ሰጪው) ጥርስ ተበልቷል። ለዛ ነው ሙሉ ያሰብኩት። አሁን ሌላ ሰው ጋ 156 ኤፍኤምአይ አገኘሁ፣ ባለ ዘንግ፣ ቁጥሩም ሙሉ ነው። ሻጩ ሳይፈታ እንዴት ልፈትሸው?

ጋሼ መፍቻ፦
ካንዴላውን አውጣና ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ድፈን፣ ሌላ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ። ጣትህን ገፍቶ ካልተነፈሰ ወይ ቫልቩ ወይ ፋሻው አይዝም። ከዛ የማግኔቱን ክዳን ክፈትና ማግኔቱን ይዘህ ቀስ ብለህ ግራ ቀኝ ነቅንቅ። ፒስተኑ ሳይንቀሳቀስ ማግኔቱ ትንሽ ከሄደ ቢዬላው ለቋል። ወደ ላይ ወደ ታች ከተወዛወዘ ደግሞ ኩሽኔታው ነው። ማርሹን ከአንድ እስከ መጨረሻው በእጅህ አስገባ፣ ባስገባህ ቁጥር የፊቱን የሰንሰለት ጥርስ እያዞርክ፣ አለበለዚያ አይገባልህም። በመጨረሻ የዘይቱን ቡሎን ፍታና ጥቂት ዘይት ነጭ ጨርቅ ላይ አፍስስ። ደቃቅ ብልጭታ የማንኛውም አሮጌ ሞተር ነው። በጣት የሚዳሰስ የብረት ስባሪ ካየህ ግን ጥርሱ ተሰብሯል፣ ማርሹን ብለህ ከሆነ የምትገዛው ተወው። ቴስታታውን ከገዛህ በኋላ ገልብጠህ የቫልቩ መተንፈሻ ውስጥ ቤንዚን ጠብ አድርግበት፣ ወደዚያኛው ወገን ካለፈ ቫልቩ መሞረድ አለበት።

ቶርኖ ቤት፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዕቃውን ሁሉ ወደ ራስህ የሞተር ቤት አዙር፣ የገዛኸውን ቤት አትግጠመው። ሊብሬህ ላይ ያለው የሞተር ቁጥር የተመታው ያንተው ቤት ላይ ነው፣ ቤቱን ከቀየርክ ጉዳዩ መንገድ ትራንስፖርት ድረስ ይሄዳል።

ማራኪ ልጅ፦
ተባረኩ። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ላየው ነው። ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ያለው ሰው አብሮኝ ቢሄድ ቡናው በኔ ነው።

ቶርኖ ቤት፦
አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ያንተን አሮጌ ቢዬላና ክራንክ ይዘህ ና፣ ካንዴላ መፍቻም አትርሳ፣ የኔ ጠፍቷል።