ቅጠሉ ከውሃው በላይ የቆመው የውሃ ሊሊ ለምን አበባ ከለከለን?

ጥያቄ፦
ቢሾፍቱ በሚገኘው ግቢያችን 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሲሚንቶ ኩሬ አለን። ከሦስት ዓመት በፊት በሳፋ የተከልነው የውሃ ሊሊ በመጀመሪያው ዓመት በብዛት ሲያብብ ቆይቶ፣ ዘንድሮ ግን ቅጠሎቹ ተጨናንቀው ከውሃው በላይ ከመቆማቸው በቀር እምቡጥ እንኳ አላሳየም። ኩሬው አጠገብ ማንጎ አለ፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ፏፏቴ ተክለንበታል። ችግኝ የሚሸጡልን ሰው ውሃው እንዳያረነጉድ እምቦጭ ጨምሩበት ብለውናል። ምክራችሁን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦
ቅጠሉ ከውሃ በላይ መቆሙ ሥሩ ሳፋውን እንደሞላ ያመለክታል፤ ይህ ተክል በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ መከፈል አለበት። የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ካለፈ በኋላ፣ በየካቲት ገደማ፣ ከነሳፋው አውጥተው አፈሩን ይጠቡና ወፍራሙን አግዳሚ ግንድ፣ ከሚያቆጠቁጠው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል አስቀርተው፣ በንጹሕ ቢላዋ ይቁረጡት፤ የለሰለሰውን ክፍል ይጣሉት። ሲተክሉት ግንዱን ከሳፋው ጠርዝ አስጠግተው ጋደም ያድርጉት፤ ጫፉ ግን ከአፈሩ በላይ ይቅር። አፈሩ ዋልካ ቢሆን ይመረጣል፤ ፍግና ብስባሽ ያለበት የችግኝ አፈር ይንሳፈፋል፣ ውሃውንም ያበላሻል። ላዩን ጠጠር ያልብሱት፤ ቅጠሉ እስኪጠነክር ድረስም ሳፋውን ጡብ ላይ ከፍ አድርገው ያቆዩት።

መልስ 2፦
እምቦጩን እባክዎ አያስገቡ። ጣናን ምን እንዳደረገው ሁላችንም አይተናል፤ ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ የሚሆን አረም ነው፣ ከእናንተ ግቢ በጎርፍ ቢወጣ ደግሞ የቢሾፍቱ ሐይቆች ሩቅ አይደሉም። ውሃውን ከማረንጓደድ የሚጠብቀው የሊሊው የራሱ ቅጠል ነው፤ የኩሬውን ገጽ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ከሸፈነ ይበቃል።

መልስ 3፦
ቢከፍሉትም እንኳ በማንጎው ጥላ ሥር ከቆየ አበባ መጠበቅ ያስቸግራል፤ በቀን ቢያንስ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋል። የረጋ ውሃ የሚወድ ተክል ስለሆነም ፏፏቴው የሚረጨው ውሃ ከማይደርስበት ጥግ ያስቀምጡት። ቅጠሉ ላይ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት) ከታየ መድኃኒት አይርጩ፤ በቧንቧ ውሃ ይጠቡት፤ ኩሬው ውስጥ ዓሣ ካለ ይለቅመዋል።

ጠያቂ፦
ከልብ አመሰግናለሁ፤ እምቦጩ ቀርቷል፣ ሳፋውንም ወደ ፀሐዩ አዛውረነዋል። ማዳበሪያ ያስፈልገው ይሆን?

መልስ 1፦
አዲስ ቅጠል ማውጣት ከጀመረ በኋላ ጥቂት ብቻ ይስጡት። በወረቀት ጠቅልለው ከሥሩ ራቅ አድርገው ጭቃው ውስጥ በጣትዎ ይቅበሩት፤ ውሃው ላይ ከተበተነ የሚመገበው አልጌው ነው።