በኤልኤም 358 ቦታ ቲኤል 072 ብሰካ ሪሌዩ አልለቅ አለ

ጨለማ_ስዊች

ሰላም ለሁላችሁ። ሲጨልም መብራት የሚያበራ ትንሽ ሰርኪት እየሠራሁ ነው። ስዕሉ ላይ ያለው አይሲ ኤልኤም 358 ነው፤ እኔ እጅ ላይ ያሉት ግን ከተበላሸ አምፕሊፋየር ቦርድ የነቀልኳቸው ቲኤል 072ዎች ናቸው። ሁለቱም ባለ 8 እግር ናቸው፣ ሁለቱም ውስጣቸው ሁለት ሁለት ኦፕአምፕ (የሁለት መግቢያዎችን የቮልት ልዩነት የሚያጎላ ክፍል) አለ፣ የእግር አቀማመጣቸውም አንድ ነው፤ ዳታሺታቸውን ጎን ለጎን አድርጌ አይቻለሁ። ስለዚህ ሰካሁት።

ሰርኪቱ እንዲህ ነው። ኃይሉ ከስልክ ቻርጀር የሚመጣ 5 ቮልት ነው። ከ5 ቮልቱ በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ 3ኛው እግር ይገባል፣ ከ3ኛው እግር ደግሞ በኤልዲአር (ብርሃን ሲበዛበት ሬዚስታንሱ በሚቀንስ ክፍል) ወደ ግራውንድ ይወርዳል። 2ኛው እግር ላይ የ10 ኪሎ ፖቴንሽዮሜትር መሐል እግር አለ፤ 2.5 ቮልት ላይ አቁሜዋለሁ። ከመውጫው፣ ማለትም ከ1ኛው እግር፣ በ1 ኪሎ ወደ ቢሲ 547 ትራንዚስተር ቤዝ። ኮሌክተሩ ላይ ባለ 5 ቮልት ሪሌይ (በኮይል የሚነሳ ስዊች) ከነዳዮዱ።

ሪሌዩ አንዴ ከያዘ አይለቅም። በቴስተር ስለካው፣ ሲጨልም መውጫው 3.6 ቮልት ነው። ክፍሉ ውስጥ መብራት ሲኖር 3ኛው እግር ወደ 2 ቮልት ይወርዳል፣ መውጫው ግን 1.4 ቮልት ላይ ይቆማል፤ ዜሮ አይደርስም። ከሁሉ ግራ ያጋባኝ ደግሞ ይሄ ነው፦ የእጅ ባትሪ አስጠግቼ ኤልዲአሩ ላይ ሳበራ 3ኛው እግር 0.3 ቮልት ይሆናል፣ መውጫው ግን ተመልሶ 3.6 ላይ ይወጣል! ብርሃኑ ሲበዛ ጨለማ ነው ይለኛል ማለት ነው።

ሌላ ቲኤል 072 ቀይሬም ያው ነው። አይሲዎቹ ተቃጥለው ይሆን? ቲኤልሲ 555 (ጊዜ ቆጣሪ አይሲ) እና 74ኤችሲ00ም (አራት የሎጂክ በሮች ያሉት አይሲ) አሉኝ፤ በኤንኢ 555ና በ74ኤልኤስ00 ቦታ ልጠቀምባቸው አስቤ ነበር፤ አሁን ግን ፈራሁ።

አሮጌ_ሬዲዮ

አይሲህ ደህና ነው፣ እንዳትጥለው። የለካኸው ሁሉ ቲኤል 072 በ5 ቮልት ሲሠራ የሚያሳየው የራሱ ጠባይ ነው። የየእግሩን ቮልት ይዘህ መምጣትህ በጣም ደስ ብሎኛል፤ "አልሠራም" ብቻ ብትል ኖሮ ሁላችንም ስንገምት በዋልን ነበር።

ከመውጫው ልጀምር። የቲኤል 072 መውጫ እስከ ግራውንድ አይወርድም። ከታችም ከላይም አንድ ቮልት ተኩል ገደማ ይቀረዋል። በ30 ቮልት የሚሠራ አምፕሊፋየር ይህን ጉድለት ልብም አይለው፤ አንተ ግን ያለህ 5 ቮልት ነው፣ ከዚያ ላይ ከላይና ከታች ሲቆረጥ የሚተርፈውን ቴስተርህ ነግሮሃል፦ ከ1.4 እስከ 3.6። አሁን 1.4ቷን ወደ ትራንዚስተሩ ውሰዳት። ቤዙ 0.7 ይወስዳል፣ ቀሪው 0.7 ቮልት በ1 ኪሎ ሬዚስተር ላይ 0.7 ሚሊአምፔር ነው። ቢሲ 547 ይህን ሁለት መቶ እጥፍ ቢያሳድገው 140 ሚሊአምፔር ሊያሳልፍ ይችላል። ባለ 5 ቮልት ትንሽ ሪሌይ የሚፈልገው 70 አካባቢ ነው። ስለዚህ ኦፕአምፑ "አጥፋ" ሲል ትራንዚስተሩ የሚሰማው "አብራ" ነው። ሪሌይ ደግሞ አንዴ ከያዘ በቀላሉ አይለቅም፤ ብዙዎቹ በእርግጠኝነት ይለቃሉ ተብሎ ዳታሺታቸው ላይ የሚጻፈው የኮይሉ ቮልት ከ10 በመቶ በታች ሲወርድ ነው። ያንተ ላይ ግማሽ ቮልት ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ግራ ያጋባህ፣ ከመግቢያው በኩል ነው፤ ከመጀመሪያውም ይብሳል። የቲኤል 072 መግቢያዎች ጄፌት (አንድ ዓይነት ትራንዚስተር) ናቸው። ጥሩ ሆነው እንዲሠሩ ከታችኛው የኃይል መስመር ሦስት አራት ቮልት ከፍ ማለት አለባቸው። አንዱ መግቢያ ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ግራውንድ ሲጠጋ የውስጡ ሥራ ይገለበጥና መውጫው በግድ ወደ ላይ ይወጣል። ባትሪውን ስታስጠጋ 3ኛው እግር 0.3 ቮልት ሆነ፣ መውጫው ዘለለ። ይህ የቆየ፣ የታወቀ ጠባይ ነው። ኤልኤም 358 ግን መግቢያው እስከ ግራውንድ ድረስ በትክክል እንዲያነብ ተብሎ የተሠራ ነው፤ መውጫውም ጭነቱ ትንሽ ሲሆን ዜሮ ጥግ ድረስ ይወርዳል። የሰርኪቱ ንድፍ አውጪ እሱን የመረጠው ለዚህ ነው፣ ባይጽፈውም።

እግሩ ከእግሩ መግጠሙ ቁልፉ በሩ ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነው የሚነግርህ፤ እንደሚዞር አይነግርህም። እኔ አንዱን አይሲ በሌላው ከመተካቴ በፊት ሁለቱን አይሲዎች አላወዳድርም፤ ሰርኪቱን ነው የምጠይቀው፦ እዚህ ቦታ ላይ ምን ያስፈልጋል? ያንተ ቦታ የሚፈልገው በ5 ቮልት መሥራት፣ ግራውንድ አጠገብ ያለ ቮልት ማንበብ፣ ሲያጠፋ ከግማሽ ቮልት በታች መውረድ ነው። በቃ። ፍጥነት አይፈልግም፣ የጩኸት ጥራት አይፈልግም። ቲኤል 072 ግን የሚበልጠው በእነዚህ ነው፦ መውጫው በማይክሮሰከንድ 13 ቮልት ይጓዛል፣ ኤልኤም 358 ግማሽ ቮልት እንኳ በጭንቅ ነው። ለድምፅ ሥራ ትልቅ ልዩነት ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ለሚጠብቅ ሰርኪት ምንም አይጨምርም። "የተሻለ አይሲ ነው፣ ስለዚህ ይተካል" የሚለው ምክር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው፤ ሰው ጥሩውን አይሲ "ተቃጥሏል" ብሎ ይጥላል።

አንዳንድ ሰው ከቤዙ ጋር በተከታታይ ቀይ ኤልኢዲ ጨምርበት ይልሃል። ኤልኢዲው ወደ 1.8 ቮልት ስለሚበላ 1.4ቷ አታልፍም፣ ሪሌዩም ይለቃል። እውነት ነው። ግን የመግቢያውን ችግር አይነካውም፤ ቀን ላይ ፀሐይ ስትበረታ መብራትህ ይበራል። አታድርገው።

ኤልኤም 358 ካጣህ ኤልኤም 393 ፈልግ፤ የድሮ ፓወር ሰፕላይ ቦርዶች ላይ በብዛት አለ። የእግር አቀማመጡ ከ358 ጋር አንድ ነው፣ መግቢያውም ግራውንድ ያነባል። ኮምፓራተር (ከሁለት ቮልቶች የትኛው እንደሚበልጥ የሚለይ አይሲ) ስለሆነ እንዲያውም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልብ በል፦ መውጫው ኦፕን ኮሌክተር ነው፤ ወደ ታች ይጎትታል እንጂ ወደ ላይ አይገፋም። ከ1ኛው እግር ወደ 5 ቮልት የ1 ኪሎ ሬዚስተር ካላሰርክ ሪሌዩ በጭራሽ አይነሳም። ማጉያ በሚፈለግበት ቦታ ግን 393ን በ358 ምትክ አትስካው። ውስጣቸው አራት አራት ያለባቸው ወንድሞቻቸው (ኦፕአምፑ 324፣ ኮምፓራተሩ 339) ላይ ደግሞ ይህ መግጠምም የለም፦ የኤልኤም 324 ኃይል 4ኛና 11ኛ እግር ላይ ነው፣ የኤልኤም 339 3ኛና 12ኛ ላይ። ሁለቱም ባለ 14 እግር ስለሆኑ ሶኬቱ ውስጥ ሰተት ብለው ይገባሉ።

ፔዳል_ሠሪ

ጋሽ ሬዲዮ፣ በአክብሮት አልስማማም። የጊታር ፔዳል የሚሠራ ሰው ሁሉ ቲኤል 072ን በአንድ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው የሚያሠራው። የእኔዎቹም ይሠራሉ፣ ድምፃቸውም ግልጽ ነው። በዝቅተኛ ቮልት አይሠራም ማለት ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል።

አሮጌ_ሬዲዮ

ትክክል ነህ፣ ፔዳሎችህም በትክክል የተነደፉ ናቸው። ስዕልህን አውጣና ተመልከት፦ ሁለት እኩል ሬዚስተሮች 9ኙን ቮልት ለሁለት ከፍለው 4.5 ይሠራሉ፣ መግቢያው እዚያ ላይ ተቀምጧል። የጊታሩ ድምፅ ከዚያ ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ግራውንድ ድረስ አይወርድም። መውጫውም መሐል ላይ ነው የሚንቀሳቀሰው። አይሲው የሚፈልገውን ቦታ ሰጥተኸዋል። የጠያቂው ሰርኪት ግን ቮልቱን ግራውንድ ጥግ ድረስ ይዞት ይወርዳል። ያንተ ፔዳል ውስጥ ኤልኤም 358 ብትሰካ ደግሞ ተገላቢጦሹን ታያለህ፤ ሞገዱ መሐሉን ሲያቋርጥ ይሰነጠቃል፣ ጆሮህም ወዲያው ይለየዋል።

ሰዓት_ቆጣሪ

ስለ 555 ልመልስ። ኤንኢ 555 ሃንስ ካመንዚንድ እ.ኤ.አ. በ1971 ለሲግኔቲክስ የነደፈው የባይፖላር አይሲ ነው፤ መውጫው እስከ 200 ሚሊአምፔር ሊገፋም ሊጎትትም ይችላል። ቲኤልሲ 555 ሲሞስ (ሌላ የአይሲ አሠራር ዓይነት) ነው፤ ወደ ታች 100 ሚሊአምፔር ይጎትታል፣ ወደ ላይ ግን የሚገፋው 10 ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የምታየው መውጫው፣ ማለትም 3ኛው እግር ላይ ምን እንደታሰረ ነው። ትራንዚስተር ወይም አንድ ኤልኢዲ ከሆነ ሳትጨነቅ ተካው። ሪሌይ ወይም ስፒከር ከ3ኛው እግር ወደ ግራውንድ በቀጥታ ከታሰረ አይሆንም፤ ትራንዚስተር ጨምር።

በተቃራኒው ከባድ ነው። በሁለት ደረቅ ባትሪ፣ በ3 ቮልት የሚሠራ የሲሞስ ሰርኪት ውስጥ ኤንኢ 555 ብትሰካ አይነሳም፤ ቢያንስ 4.5 ቮልት ይፈልጋል። ረጅም ጊዜ የሚቆጥር ሰርኪት ከሆነ ደግሞ ሬዚስተሩን እየው። 10 ሜጋ ኦም ካለበትና ኃይሉ 5 ቮልት ከሆነ፣ ካፓሲተሩ ሁለት ሦስተኛው ላይ ሊደርስ ሲል በሬዚስተሩ የሚያልፈው 0.17 ማይክሮአምፔር ነው። የካፓሲተሩን ቮልት የሚያነበው የኤንኢ 555 6ኛ እግር ብቻውን እስከ 0.25 ሊወስድ ይችላል። ካፓሲተሩ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ጊዜው አያልቅም። ሲሞሱ ከዚያ ከረንት የሚወስደው የለም ማለት ይቻላል።

ኤንኢውን በምትሰካበት ጊዜ ሁሉ ከ8ኛው እግር ወደ 1ኛው 100 ናኖፋራድ አጠገቡ አድርግለት። መውጫው በተገለበጠ ቁጥር ለቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ጎረቤት አይሲዎችን ያሳስታል።

ዜሮና_አንድ

74ኤችሲ00 በ74ኤልኤስ00 ቦታ እግሩ አንድ ነው። ማን እንደሚነዳው ግን እይ። ኤልኤስ "አንድ" (ከፍተኛው የሎጂክ ደረጃ) ሲል ቃል የሚገባልህ 2.7 ቮልት ነው፤ ኤችሲ በ5 ቮልት "አንድ" ብሎ ለመቀበል 3.5 ይፈልጋል። መሐሉ ላይ ያለው ክፍተት አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አይሠራም፤ ከሁሉ የሚያሰለቸው ብልሽት ይሄ ነው። የሚነዳው ኤልኤስ ከሆነ 74ኤችሲቲ00 ፈልግ፤ እሱ ከ2 ቮልት ጀምሮ "አንድ" ይላል። ወይም ከኤልኤሱ መውጫ ወደ 5 ቮልት አንድ 4.7 ኪሎ እሰር። ያልተጠቀምክባቸውን መግቢያዎችም ግራውንድ ወይም 5 ቮልት ላይ እሰራቸው። ኤልኤስ ክፍት መግቢያን "አንድ" ብሎ ያልፈዋል፣ ኤችሲ ግን በእጅህ ጥላ ይለዋወጣል።

ሲዲ 4011ም አራት ናንድ (አንድ የሎጂክ በር ዓይነት) ነው ብለህ በ7400 (በ74ኤልኤስ00 ወይም በ74ኤችሲ00) ቦታ እንዳትሰካ። ኃይሉ እዚያው 14ኛና 7ኛ ላይ ነው፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው በሮችም ይገጥማሉ። የመሐል ሁለቱ ግን ይለያያሉ፦ የ7400 መውጫዎች 6ኛና 8ኛ እግር፣ የ4011 ደግሞ 4ኛና 10ኛ ናቸው። ግማሹ ስለሚሠራ ሰው ሌላ ቦታ ስህተት ሲፈልግ ይውላል።

ጨለማ_ስዊች

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አንድ ኤልኤም 393 ከድሮ ፓወር ሰፕላይ አገኘሁ፤ ጋሼ እንዳሉት 1 ኪሎውን ወደ 5 ቮልት አሰርኩ፣ የቤዙን 1 ኪሎም እንደነበረ ተውኩት። ባትሪውን አስጠግቼ ባበራበትም አይገለበጥም፣ ሪሌዩም ይለቃል። አሁን የቀረው፣ ሊጨልም ሲል ለጥቂት ጊዜ ሪሌዩ ጠጠጠጠ ይላል፣ ከዚያ ይይዛል። ይሄስ ከአይሲው ነው?

አሮጌ_ሬዲዮ

ከአይሲው አይደለም። ሁለቱ መግቢያዎች እኩል ሊሆኑ ሲሉ ትንሽ ንቅናቄ ሁሉ ወዲያና ወዲህ ይጥለዋል፤ ኮምፓራተር ደግሞ ፈጣን ስለሆነ አንዷንም አያሳልፍም። ከ1ኛው እግር ወደ 3ኛው እግር 100 ኪሎ እሰር።

ስንት እንደሚሰጥህ ላሳይህ። መቀያየሪያው ላይ ኤልዲአርህ ወደ 10 ኪሎ ስለሆነ ከላይኛው 10 ኪሎ ጋር 3ኛው እግር የሚያየው 5 ኪሎ ነው። መውጫው ሲበራ 5 ቮልት አይደርስም፤ ሁለቱ 1 ኪሎዎች ከቤዙ 0.7 ጋር ሲካፈሉት 2.85 አካባቢ ይቆማል፣ ሲያጠፋ 0.2። ልዩነቱ 2.65 ቮልት ነው። ያን በ5 አባዛውና ለ105 አካፍለው፣ 0.13 ቮልት ያህል ይሆናል። ማብሪያውና ማጥፊያው ያን ያህል ከተራራቁ ጠጠታው ይቆማል። ካልቆመ ወደ 47 ኪሎ ውረድ። ፖቴንሽዮሜትሩን እንደገና ማስተካከል ሊኖርብህ ይችላል፣ ነጥቡ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ሬዚስተሩን ካሰርክ በኋላም መብራቱ በዝግታ ብልጭ ድርግም ካለ፣ ራሱ የሚያበራው አምፖል ኤልዲአሩ ላይ እየወደቀ ነው ማለት ነው። ኤልዲአሩን በጥቁር ቱቦ ሸፍነህ ፊቱን ወደ ውጭ አዙረው። ቲኤል 072ዎቹን ደግሞ አስቀምጣቸው፤ ለድምፅ ማጉያ ስትደርስ ትፈልጋቸዋለህ።